ሰይጣን ሲፈለግ ጦር ሰባቂዎቹ አመለጡ

አንድ አልበም ባልሠራው ወንጀል ተከሶ ከቆመ ከሃምሳ ዓመት በላይ ሆነው። ክሱ አጭር ነው፦ «የሰይጣን ሙዚቃ ነው»። ተከሳሹ ብላክ ሳባት የተባለው የእንግሊዝ ባንድ እ.ኤ.አ. ሴፕቴምበር 18 ቀን 1970፣ በኢትዮጵያ አቆጣጠር መስከረም 8 ቀን 1963 ዓ.ም. ያወጣው «ፓራኖይድ» ነው። ሁለተኛ አልበማቸው ነበር። በማግስቱ ወር በእንግሊዝ የሽያጭ ሰንጠረዥ አንደኛ ወጣ። ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ከመጠጥ ቤት መድረክ አውጥቶ በዓለም ፊት ያቆመውም እሱ ነው።

የከሳሾቹ ዓይነት ብዙ ነው። ሰባኪ አለ፤ የተጨነቀ ወላጅ አለ፤ ጥቁር ልብስና ረጅም ጸጉር በቀይ ቀለም እየከበበ «ተጠንቀቁ፣ ሼር አድርጉ» የሚልም አለ። የአልበሙን የመጀመሪያ ዘፈን ግጥሙን ተከትሎ ከዳር እስከ ዳር የሰማ ግን ከመካከላቸው እምብዛም አይገኝም። «ሳይገድሉ ጎፈሬ፣ ሳያጣሩ ወሬ» የተባለው እንዲህ ላለው ነው።

ነገሩ የሙዚቃ ምርጫ ብቻ ቢሆን ኖሮ እዚሁ ላይ በቃ በተባለ ነበር። የጊታር ጩኸት የማይወድ ሰው አይገደድም። ግን ጉዳዩ ከጆሮ ያልፋል። ይህ አልበም ጣቱን የቀሰረባቸው ሰዎች ነበሩ፤ እውነተኛ ሰዎች፣ ከረባት ያሰሩ፣ ፊርማቸው የሰው ነፍስ የሚያስጠፋ። ሕዝቡ የሸክላውን ሽፋን እያገላበጠ ቀንድና ጅራት ሲፈልግ እነሱ በጓሮ በር ወጥተው ሄዱ።

ሸክላው ውስጥ ያለው ምንድን ነው?

የአልበሙ መክፈቻ «ዋር ፒግስ» ይባላል፤ «የጦርነት አሳማዎች» ማለት ነው። ስምንት ደቂቃ ገደማ ይወስዳል። በከባድ ጊታርና በአየር ጥቃት ማስጠንቀቂያ ሳይረን ይጀምርና ታሪኩን ይተርካል። ጄኔራሎች ተሰብስበው ይዶልታሉ። ፖለቲከኞች እሳቱን ይለኩሱና እነሱ ዞር ይላሉ፤ መሞት የድሃ ልጅ ድርሻ ይሆናል። ከዚያ የፍርድ ቀን ይመጣል። ሥልጣን ያልቃል፤ እግዚአብሔር ይጠራቸዋል፤ እነዚያ አዛዦች ተንበርክከው ስለ ኃጢአታቸው ምሕረት ይለምናሉ። ሰይጣን የሚመጣው በዘፈኑ መጨረሻ ላይ ነው። የሚመጣውም ሊመለክ አይደለም። የራሱን ሰዎች ሊረከብ ነው።

ይህንን ሐሳብ አንድ ሰባኪ በዐውደ ምሕረት ላይ ቆሞ ቢናገረው ሕዝቡ በእልልታ ይቀበለው ነበር። ከነዌና ከአልዓዛር ታሪክ በምን ይለያል? «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» ከሚለው የአበው ቃል በምን ይለያል? የሚለየው በአንድ ነገር ብቻ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ጸጉራቸውን አስረዝመዋል፣ ጊታራቸውም ይጮኻል።

ከቀሩትም ዘፈኖች ብዙዎቹ የሚያወሩት ስለ ምድር ነው። «ኤሌክትሪክ ፊውነራል» የኑክሌር ጦርነት ያቃጠላትን ዓለም ያሳያል። «ሃንድ ኦፍ ዱም» በሄሮይን መርፌ ስለሚጠፋ ወጣት ነው፤ መነሻውም ባንዱ በአውሮፓ ባሉ የአሜሪካ ጦር ሰፈሮች ሲጫወት ያገኛቸው ከቬትናም የተመለሱ ወታደሮች ናቸው። «አይረን ማን» የዓለምን ጥፋት አስቀድሞ አይቶ ሊያስጠነቅቅ የመጣ፣ የሚሰማው አጥቶ የተሳለቁበት፣ በመጨረሻም ራሱ ጥፋት የሆነ ሰው ታሪክ ነው። «ፓራኖይድ» የተባለው ዘፈን ደግሞ ደስታ የራቀውን፣ አእምሮው የደከመውን ሰው ይናገራል፤ ግጥሙን የጻፈው ጊዘር በትለር ራሱ በድባቴ ይሠቃይ ነበር። ስለ ድባቴ በአደባባይ መናገር ነውር በነበረበት ጊዜ፣ በሦስት ደቂቃ ውስጥ፣ በቀላል ቃል ተናገረው።

ጦርነት፣ ኑክሌር፣ ሄሮይን፣ ድባቴ። በ1970 የወጣትን ነፍስ ይበሉ የነበሩት እነዚህ ናቸው። አልበሙ አንድ በአንድ ጠራቸው። የተሰጠው መልስ «እናንተ ሰይጣን ታመልካላችሁ» የሚል ነበር።

ድምፁ ከየት መጣ?

አራቱም ያደጉት በበርሚንግሃም ከተማ፣ አስተን በሚባል የሠራተኛ ሰፈር ነው። የተወለዱት በ1948 እና በ1949 ነው። ከዚያ ጥቂት ዓመታት ቀደም ብሎ የጀርመን አውሮፕላኖች ከተማዋን ደብድበው ከ2 ሺህ በላይ ሰው ገድለውባታል። ልጆቹ የተጫወቱት በቦምብ በፈረሱ ቤቶች ፍርስራሽ መካከል ነው። እንግዲህ በ«ዋር ፒግስ» መግቢያ ላይ የሚሰማው ሳይረን የፊልም ማስፈራሪያ አይደለም። እናትና አባቶቻቸው ወደ መጠለያ የሮጡበት ድምፅ ነው።

ትምህርት ቤት ሲያልቅ የሚጠብቃቸው ፋብሪካ ነበር። ዘፋኙ ኦዚ ኦዝቦርን በቄራ ሠርቷል፤ ሰርቆም ታስሯል። ጊታሪስቱ ቶኒ አዮሚ በ17 ዓመቱ የብረት ፋብሪካ ሥራውን ሊለቅ በመጨረሻው ቀን ማሽን የቀኝ እጁን ሁለት ጣቶች ጫፍ ቆረጠበት። አዮሚ ግራኝ ነው፤ የጊታሩን ክር የሚጫነው በዚያው እጁ ነበር። ከእንግዲህ አትጫወትም ተባለ። የፋብሪካው አለቃ ግን የጃንጎ ራይንሃርትን ሸክላ አመጣለት፤ ራይንሃርት ሁለት ጣቶቹ በእሳት ተጎድተውበት በቀሩት የተጫወተ ጊታሪስት ነው። አዮሚም የፕላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ፣ ቆዳ ለጥፎበት፣ ለራሱ የጣት ቆብ ሠራ። ጣቱን እንዳያመው ቀጫጭን ክር ገጠመ፤ ኋላም ክሮቹን አላልቶ ቃናውን ዝቅ አደረገው።

ዓለም «ሄቪ ሜታል» የሚለው ያ ከባድ፣ ዝቅ ያለ፣ የሚያጉረመርም ድምፅ የተወለደው እንዲህ ነው። ከሲኦል አልመጣም። ከብረት መቁረጫ ማሽን ነው የመጣው። ሰይጣንን በውስጡ የሚሰማ ሰው፣ የፋብሪካ መዶሻ ሰምቶ አያውቅም ማለት ነው።

ሁለት ጊዜ የተለወጠ ስም

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ። የመክፈቻው ዘፈን የመጀመሪያ ስሙ «ዋልፐርጊስ» ነበር። በአውሮፓ ተረት ጠንቋዮች የሚሰበሰቡበት ሌሊት ስም ነው። የበትለር ሐሳብ ግልጽ ነበር፦ እውነተኞቹ የሰይጣን አገልጋዮች ጦርነት የሚደግሱት ኃያላን ናቸው፤ የጠንቋዮች ጉባኤ የሚደረገው በጫካ ሳይሆን በቢሮ ነው። ሸክላ አሳታሚው ስሙ ሰይጣን ሰይጣን ይላል ብሎ ፈራ። ስሙ ተለወጠ፤ «ዋር ፒግስ» ሆነ።

አልበሙም በሙሉ በዚሁ ስም ሊጠራ ተወሰነ። ሽፋኑ ተሠራ፤ ሰይፍና ጋሻ የያዘ ሰው በጨለማ ከዛፍ ጀርባ እየዘለለ ሲወጣ ያሳያል። የጦር አሳማው እሱ ነው። ከዚያ አልበሙ አጭር ሆነ ተባለና፣ ባዶ ቦታ መሙያ እንዲሆን በግማሽ ሰዓት ገደማ አንድ ዘፈን ተጻፈ፤ «ፓራኖይድ»። መሙያው ለብቻው ወጥቶ በእንግሊዝ አራተኛ ደረጃ ደረሰ። ያኔ ኩባንያው የአልበሙንም ስም ለወጠ። ምክንያቱ ሁለት ዓይነት ሆኖ ይነገራል። አንዱ፣ የታወቀው ዘፈን ስም ስለሚሸጥ ነው ይላል። ሌላው፣ የቬትናም ጦርነት ደጋፊዎች እንዳይቆጡ ተፈርቶ ነው ይላል። የትኛውም ይሁን፣ ውጤቱ አንድ ነው፤ «ጦርነት» የሚለው ቃል ከሽፋኑ ላይ ተነሣ። ሰይፍ የያዘው ሰውዬ ብቻ ስም አልባ ሆኖ ቀረ። እስከ ዛሬ ሽፋኑን የሚያይ ሰው «ይሄ ከፓራኖይድ ጋር ምን አገናኘው?» ብሎ ይጠይቃል።

ነገሩን ልብ ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ «ሰይጣን» የሚመስለው ስም ተነሣ፣ ሃይማኖተኛ እንዳይቆጣ። ቀጥሎ «ጦርነት» የሚለው ስም ተነሣ። የመጀመሪያው መሰረዝ ማንንም አላዳነም፤ የሰይጣን ክስ አልቀረም። ሁለተኛው ግን በደንብ ሠራ። ከሃምሳ ዓመት በኋላ መንገደኛ ቢጠየቅ «ብላክ ሳባት? ሰይጣን አምላኪዎቹ?» ይላል፤ «የጦርነት ጠላቶቹ?» የሚል ብዙ የለም። የኩባንያው ሰዎች ይህን አስበው አላደረጉት ይሆናል። ቢሆንም ለጦር ሰባቂ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አይገኝም።

ዘፈኑ ዋሽቶ ነበር?

አንዳንዱ «የወጣት ስሜት ነው፣ ስለ ፖለቲካ ምን ያውቃሉ» ይላል። እንግዲህ መዝገቡ ይታይ።

ዘፈኑ ድሃው ይዘምታል አለ። በዚያ ጊዜ አሜሪካ ውስጥ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ከግዳጅ ምልመላ የሚዘገይበት ሕግ ነበር፤ ዩኒቨርሲቲ መግባት ደግሞ የማን ልጅ ዕድል እንደነበር ግልጽ ነው። ይህም አልበቃ ብሎ ከ1966 ጀምሮ የመከላከያ ሚኒስትሩ ሮበርት ማክናማራ «ፕሮጀክት አንድ መቶ ሺህ» የተባለ ዕቅድ አወጣ። ቀድሞ በፈተና የሚወድቁ ወጣቶች መመዘኛው ዝቅ ተደርጎላቸው ወደ ሠራዊቱ ገቡ። በዚህ መንገድ የገቡት ከ300 ሺህ በላይ ናቸው፤ ብዙዎቹም የድሃ ልጆች።

ዘፈኑ ለኳሾቹ ዞር ይላሉ አለ። ማክናማራ በ1968 ከሥልጣኑ ሲለቅ ከፕሬዚዳንቱ ሜዳሊያ ተሸለመ፤ የዓለም ባንክ ፕሬዚዳንትም ሆነ። «ፓራኖይድ» በወጣበት ዕለት ዋሽንግተን በዚያ ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ጦርነቱ ስህተት እንደነበር በመጽሐፍ ያመነው በ1995 ነው። በዚያ ጊዜ ከ58 ሺህ በላይ አሜሪካውያንና እጅግ ብዙ ቬትናማውያን ከሞቱ ሃያ ዓመት አልፏቸዋል።

ዘፈኑ ሕዝቡ እየተታለለ ነው አለ። አልበሙ ከወጣ ከዘጠኝ ወር በኋላ፣ በጁን 1971፣ ኒውዮርክ ታይምስ «የፔንታጎን ሰነዶች» የተባሉትን ማተም ጀመረ። ተከታታይ መንግሥታት ስለ ጦርነቱ ሕዝቡን ሲያሳስቱ እንደነበር በራሳቸው ወረቀት ተረጋገጠ።

ታዲያ የማይረባ ወሬ ያወራው ማነው? ከቄራና ከፋብሪካ የወጡት ልጆች ወይስ ሱፍ የለበሱት? «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ማለት ይህ ነው።

«ግን እኮ…»

ሦስት ማስተባበያዎች ዘወትር ይቀርባሉ።

«ስማቸውስ? ራሳቸው ሰንበትን ጥቁር ብለው የለም ወይ?» ስሙ የተወሰደው በ1963 ከተሠራ የጣሊያን አስፈሪ ፊልም ነው። ሰው ለመፍራት ገንዘብ ከፍሎ ሲኒማ ይገባል፤ የሚያስፈራ ሙዚቃም ይገዛ ይሆናል ብለው አሰቡ። ይህ ንግድ ነው፤ የንግድ ብልጠት ተብሎ ሊወቀስ ይችላል። ስም ያወጣ ሰው ስሙ የሚያመጣበትን መሸከም አለበት፤ በዚህ ላይ ንጹሕ ናቸው ማለት አይቻልም። በመጀመሪያው አልበማቸው ውስጠኛ ሽፋን ላይ የተዘቀዘቀ መስቀል ታትሟል፤ ያ ግን የኩባንያው ሥራ ነው፣ እነሱ ሳያውቁ። በአንገታቸው የሚታየው መስቀል ቀጥ ያለ ነው፤ የሠራላቸውም የፋብሪካ ሠራተኛ የነበረው የኦዚ አባት ነው። ያደረጉትም ክፉ እንዲርቅላቸው ነው። በትለር ያደገው በካቶሊክ ቤተሰብ ነው። በ1971 በወጣው ሦስተኛ አልበማቸው ውስጥ «አፍተር ፎርኤቨር» የተባለው ዘፈን በእግዚአብሔር ማመንን በግልጽ ይሟገታል፤ በጓደኞቹ ፊት እምነቱን የሚደብቀውን ይወቅሳል። ሰይጣን አምላኪ እንዲህ ይዘፍናል?

«አደንዛዥ ዕፅስ?» እውነት ነው፤ ተጠቅመዋል፤ ብዙ ተጠቅመዋል። ስለ መርፌ ያስጠነቀቀው ባንድ ከሁለት ዓመት በኋላ በኮኬይን ሰጠመ፤ ኦዚም በ1979 ከባንዱ ተባረረ። ይህ ውድቀት ነው፣ ሊሸፈንም አይገባም። ነገር ግን ጉድጓዱን አሳይቶ የወደቀበት ሰው ጉድጓዱ የለም አላለም። እንዲያውም መውደቁ ጉድጓዱ እውነተኛ ለመሆኑ ምስክር ነው።

«ወጣቱን ያሳብዳል።» ድባቴ ያለበት ወጣት የራሱን ሕመም በሌላ ሰው አፍ ሲሰማ ብቻውን እንዳልሆነ ያውቃል። ወጣትን የሚያሳብደው ሕመሙን የሚሰማለት ማጣቱ ነው። «ሆድ ይፍጀው» ተብሎ የታፈነ ነገር መጨረሻው ምን እንደሆነ በየቤቱ ይታወቃል።

የሊቃውንቱም ጥፋት

ጥፋቱን ለሃይማኖተኞች ብቻ ማሸከም ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። የጊዜው የሙዚቃ ሊቃውንትም ከዚህ አልተሻሉም። ሮሊንግ ስቶን መጽሔት የባንዱን የመጀመሪያ አልበም አጣጥሎ ጻፈበት። የተማረው ሐያሲ የሠራተኛ ልጆች በከባድ ድምፅ የሚናገሩትን ነገር እንደ ሐሳብ ለመቁጠር አልፈለገም፤ ለእሱ ቁም ነገር የሚነገረው በለሰለሰ ጊታርና በኮሌጅ ቋንቋ ነው። ያው መጽሔት በ2017 የምንጊዜም ምርጥ መቶ የሜታል አልበሞችን ሲደረድር «ፓራኖይድ»ን አንደኛ አደረገው። መዘግየቱ ይሁን። ግን ይቅርታ የተጠየቀው ለጊታሩ ነው፤ ለግጥሙ ማን ይቅርታ ጠየቀ?

አድናቂዎቹም አያመልጡም። የባንዱን ስም በካኔተራ ለብሰው፣ ሁለት ጣት አንስተው፣ «ቃሉን ተወው፣ ዋናው ጩኸቱ ነው» የሚሉ አሉ። እነዚህ ከከሳሾቹ ጋር በአንድ ወንበር ይቀመጣሉ። አንዱ ሳይሰማ ያወግዛል፤ ሌላው ሳይሰማ ያጨበጭባል። ሁለቱም ጆሮ ነፍገውታል።

የመጨረሻው ምሽት

ጁላይ 5 ቀን 2025 አራቱ ሰዎች ለመጨረሻ ጊዜ በአንድ መድረክ ተገናኙ፤ እዚያው ባደጉበት አስተን፣ በቪላ ፓርክ ስታዲየም። ኦዚ መቆም አልቻለም፤ በፓርኪንሰን ሕመም ተይዞ ወንበር ላይ ተቀምጦ ዘፈነ። ከኮንሰርቱ የሚገኘው ገቢ ለፓርኪንሰን ሕክምና ምርምር፣ ለበርሚንግሃም የሕፃናት ሆስፒታልና በጠና ለታመሙ ልጆች መንከባከቢያ እንዲውል ተወስኖ ነበር። በዚያ ምሽት አራቱ የተጫወቱት አራት ዘፈን ነው። ሦስቱ ከዚህ አልበም ናቸው። የመጀመሪያው «ዋር ፒግስ» ነበር። ከ17 ቀን በኋላ ኦዚ ሞተ።

ያኔም የሞቱ ዜና ሥር «ወደ ጌታው ሄደ» እያሉ የተሳለቁ አልጠፉም። ለሕፃናት ሆስፒታል የዘፈነን የሰባ ስድስት ዓመት በሽተኛ ወደ ሲኦል የሚሸኝ ሰው፣ በዚያው ሳምንት ዜና ላይ ከተማ በቦምብ ሲፈርስ አይቶ፣ አዛዡን ወደየት እንደሸኘው ቢጠየቅ መልስ አይኖረውም። ስለ አዛዡ አንድ መስመር አልጻፈማ።

የዚህ ሁሉ ክርክር ፍሬ እዚህ ላይ ነው። ሰይጣንን ረጅም ጸጉርና ጥቁር ልብስ ላይ መፈለግ ቀላል ነው፤ የሚያስከፍለው ነገር የለም። ጊታር የያዘ ልጅ አያስርም፣ አያዘምትም፣ ከሥራ አያባርርም። ጄኔራልን መገሠጽ ግን ያስከፍላል። ስለዚህ ሰው ጥርሱን የሚያሳየው ለማይነክሰው ነው። ከፍ ያለ ወንበር ላይ የተቀመጠው ደግሞ ይህን ያውቃል፤ ሕዝቡ ዘፋኝ ሲያሳድድ እሱ ካርታ ዘርግቶ ይመክራል።

«ፓራኖይድ» አርባ ደቂቃ ገደማ ነው። የሚያወግዘው ሰው ግጥሙን ይዞ አንድ ጊዜ ይስማው። ከዚያ በኋላም ሰይጣንን እዚያ ውስጥ ካገኘው፣ ከማን ጎን እንደቆመና ማንን ሊወስድ እንደመጣ አብሮ ይናገር።